ቀባሪውን አዘጋጅተናል፤ ጧሪውስ? ስለ እርጅና እንክብካቤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። በወር አንዴ፣ እሑድ ጠዋት መዋጮ ስንሰበስብ ሰው ከገንዘቡ ጋር ጥያቄም ይዞ ይመጣል። «አባቴ ወደቀብኝ፣ ምን ላድርግ?» «እናቴን ቀን ቀን ማን ይያዝልኝ?» «ለዚህ የሚሆን ኢንሹራንስ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?» እኔን የሚጠይቁኝ እናቴን አምስት ዓመት አልጋ ላይ እንዳስታመምን ስለሚያውቁ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላሉ። በአንድ ምርቃት ሁለት ነገር ነው የተለመነልን። ለቀባሪው ተዘጋጅተናል። እድር አለ፣ ድንኳን አለ፣ ወንበሩ ተቆጥሮ፣ ድስቱ ተቆልፎበት ተቀምጧል። ለጧሪው ግን «እግዜር ያውቃል» ብለን እናልፋለን። እማዬ ስትሞት እድራችን በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑን ተክሎ ጨርሷል። አሁንም አመሰግናቸዋለሁ። ለሦስቱ ቀን ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር። ከዚያ በፊት ለነበሩት አምስት ዓመታት ግን ማናችንም ዝግጅት አልነበረንም። እኔም ጭምር።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ።

«የረጅም ጊዜ እንክብካቤ» ሲባል ምን ማለት ነው? ሕክምና አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሕክምና ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ነው፣ ምርመራ ነው። የረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚጀምረው ሐኪሙ «እኛ የምንችለውን አድርገናል፣ አሁን ቤት ውሰዷት» ካለ በኋላ ነው።

በዘርፉ ያሉ ባለሙያዎች ስድስት ነገር ይቆጥራሉ፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዘዋወር። ሰው ከነዚህ አንዱን ያለ ረዳት ማድረግ ሲያቅተው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለዓመታት ሊሆን ይችላል።

እማዬን ስትሮክ ሲመታት ከስድስቱ አምስቱ በአንድ ሌሊት ሄዱ። መብላት ብቻ ቀረላት፣ እሱም በግራ እጇ። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጣት ነበር። የአልጋ ቁስል የሚከላከለው ይሄ ነው። የስልኬ ደወል ሲጮህ እህቴ በዚያኛው ወገን ትነሳለች። እኔ ትከሻዋን፣ እሷ ዳሌዋን ይዘን «አንድ፣ ሁለት» ብለን እናዞራታለን። የአዳማ ሙቀት በሚበረታበት ወቅት ላብ ከአንሶላው አልፎ እስከ ላስቲኩ ይወርዳል። አንሶላውን እንቀይራለን፣ ጀርባዋን እናደርቃለን፣ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ እናደርጋለን። ከዚያ መብራት አጥፍተን ቀጣዩን ሁለት ሰዓት እንጠብቃለን። ለዚህ የሚመጣ ሐኪም የለም። ሥራው የሐኪም አይደለምና።

እኛ ቤት ይደርሳል ብለን ለምን እናስብ?

ዕድሜ ስለሚረዝም። ደም ግፊትና ስኳር በየቤቱ አለ፤ ሁለቱም ደግሞ ስትሮክ የሚያመጡ ናቸው። የመርሳት ችግር አለ። እኛ ጋ «አረጀ፣ ጃጀ» ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሽንት ቤት መንገድ ላይ ወድቆ ዳሌውን የሚሰበር ሽማግሌም ብዙ ነው።

እዚህ አካባቢ ደግሞ አንድ የራሳችን ጉዳይ አለ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። ጥርሱ የበለዘ ሰው ስናይ ቶሎ የሚገባን ለዚህ ነው። ግን ጥርስ ላይ ብቻ አይቆምም። ለብዙ ዓመት የተጠጣ ፍሎራይድ አጥንት ውስጥ ይጠራቀማል፤ አከርካሪንና መገጣጠሚያን ያደርቃል። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የዕድሜያቸውን ግማሽ የሠሩ፣ የዚያን ጊዜ የካምፕ ጉድጓድ ውሃ የጠጡ አባቶች ላይ ይሄ በሐኪሞች ተጠንቶ የታወቀ ነገር ነው። አንገታቸውን ማዞር የማይችሉ፣ ጎንበስ ብለው የቀሩ አሉ። ሸንኮራ ሲቆርጡ የኖሩ ሰዎች ጫማቸውን ማሰር አቅቷቸው ታያላችሁ። ወላጃችሁ ከዚያ ወገን ከሆነ ጀርባዬን ሲል እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። አስመርምሩት። ቀጥሎ ስለሚመጣው ነገርም ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ለዚህ የሚሆን ኢንሹራንስ አለ ወይ?

ውጭ አገር አለ። ጀርመን ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንክብካቤ መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ ከደሞዝ ይቆረጣል። ጃፓን በ2000 ጀመረች። እዚያ 40 ዓመት የሞላው ሁሉ ይከፍላል። 65 አልፎት እርዳታ ያስፈለገው ሰው ቤቱ ድረስ የሚመጣ ተንከባካቢ ወይም የቀን ማቆያ ያገኛል፤ በመደበኛው ከወጪው 10 በመቶውን ብቻ ከኪሱ ያወጣል። ደቡብ ኮሪያም በ2008 ተከትላለች።

አሜሪካ ግን በአብዛኛው ሰው ራሱ ከኩባንያ የሚገዛው ነው። ውሉ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ ከስድስቱ ነገሮች ሁለቱን ብቻህን ማድረግ ሲያቅትህ እንከፍላለን፣ ግን የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት ራስህ ቻለው። እዚያም ቢሆን ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ኩባንያዎቹ መጀመሪያ ሲሸጡ ሒሳቡን ስተውታል። ሰው ካሰቡት በላይ ኖረ፣ ውሉን ያቋርጣሉ ያሏቸው ሰዎች አላቋረጡም፣ የባንክ ወለድም ወረደ። ስለዚህ አረቦኑን፣ ማለትም ሰው ለመድኑ በየጊዜው የሚከፍለውን ገንዘብ፣ በላይ በላዩ ጨመሩ። ብዙዎቹም ከነጭራሹ ከገበያው ወጡ። ይህን የምነግራችሁ «ኢንሹራንስ ካለ አለቀ» የሚል ሰው ስለሚያጋጥመኝ ነው።

እኛ አገር ሰው የሚያውቀውና የሚገዛው ሌላ ነው፦ የሕይወት መድን፣ የጤና መድን፣ ጡረታ። አንዳቸውም ለአስታማሚ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ግን እያንዳንዳቸው አንድ ቀዳዳ ይደፍናሉ። የትኛው የቱን እንደሚደፍን ማወቅ ነው የኛ ሥራ።

የማህበረሰብ ጤና መድን አለን፤ አይበቃም?

አይበቃም፣ ግን እንዳትተዉት። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው ወደ ሌላው የተስፋፋው። ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ ታሞ ሲሄድ ውል ባላቸው ጤና ጣቢያና ሆስፒታሎች ይታከማል። የደም ግፊትና የስኳር ክትትል በዚህ መሄዱ ትልቅ ነገር ነው። ግፊቷ ክትትል ያላት እናት ስትሮክ የመመታት ዕድሏ ይቀንሳል። ከእንክብካቤ ወጪ ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የማይሸፍነው፦ ቤት መጥቶ የሚያጥብ ሰው፣ ዳይፐር፣ የሚታጠፍ አልጋ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስም የለበትም። የእድሳት ጊዜው እንዳያልፋችሁ። ከናንተ ጋር የሚኖሩ ወላጆች በደብተሩ ላይ መመዝገባቸውንም ቀበሌ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ ነው።

ጡረታስ?

ይህን በቁጥር እንየው። የጡረታ ሕጉ ስሌት እንዲህ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 በላይ ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አሥር ዓመት ያልሞላው የወር ጡረታ አያገኝም።

እንበል አባትዎ 30 ዓመት ሠሩ፣ አማካዩ 12,000 ብር ነው። 30 ሲደመር 25፣ 55 በመቶ። 6,600 ብር ማለት ነው። እሳቸው ቢያልፉ እናትዎ የዚያን ግማሽ፣ 3,300 ብር ያገኛሉ። አሁን ቀን ሙሉ የሚውል አስታማሚ በወር ስንት እንደሚጠይቅ ሰፈራችሁ ውስጥ ጠይቁ። ከዚያ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፏቸው። ልዩነቱ ነው የቤተሰቡ ዕቅድ።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ከ2003 ጀምሮ ነው ወደ ጡረታ የገቡት። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይቆረጣል። አሠሪዎ በትክክል እያስገባ መሆኑን ዛሬ ይጠይቁ እንጂ 60 ዓመት ሲሞላዎት አይደለም። የባጃጅ ሹፌሩ፣ የጋሪው ባለቤት፣ ገበያ ውላ የምትገባዋ እናት ደግሞ ደሞዝ የሚቆርጥላቸው የለም። ለነሱ ከታች ስለ ቤተሰብ መዋጮ የጻፍኩት ይበልጥ ይመለከታቸዋል።

የሕይወት መድን ብገባ ለእርጅናዬ ይሆነኛል?

እንደ ዓይነቱ ነው። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከ1986 በኋላ ደግሞ የግል ኩባንያዎች መጥተዋል። ሁሉንም የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ከሚሸጡት መሃል አንዱ ሞት ብቻ ሲደርስ ለቤተሰብ የሚከፍል ነው። ይሄ ለልጆች ጥሩ ነው፣ በሕይወት ላለ ሽማግሌ ግን ምንም አይሠራም። ሁለተኛው ቁጠባ ያለበት ነው። ለ15 ወይም 20 ዓመት ትከፍላላችሁ። ከሞታችሁ ቤተሰብ ይወስዳል፣ ከኖራችሁ ገንዘቡ ለራሳችሁ ይመለሳል። ለእርጅና የሚቀርበው ይሄኛው ነው። በላዩ ላይ የቋሚ አካል ጉዳት ሽፋን ማስጨመር ከተቻለ ደግሞ የተሻለ።

ከመፈረማችሁ በፊት ወኪሉን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት። አካል ጉዳት የሚለው አደጋ ብቻ ነው ወይስ ስትሮክም አለበት? ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ነገር ታወጣለች። ብዙ ሰው «አካል ጉዳት አለው» ሲባል ሁሉም ያለ ይመስለዋል። ቀጥሎ፦ አረቦን መክፈል ቢያቅተኝ የከፈልኩት ይጠፋል? ከስንት ዓመት በኋላ ባቋርጥ ስንት ይመለስልኛል? በቃል ሳይሆን ከውሉ ላይ በጣቱ እያሳየ ይንገራችሁ።

በሽታ አትደብቁ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው አንድ የማውቀው ቤተሰብ ስለተጎዳበት ነው። አባትየው ግፊት እንዳለበት እያወቀ ቅጹ ላይ «የለም» አለ። የንግድ ሕጋችን አውቆ የደበቀ ሰው ውሉ እንዲፈርስ ይፈቅዳል። ዓመታት ከፍሎ በመጨረሻ ምንም ሳያገኝ ቀረ። እውነቱን ተናግሮ ትንሽ ከፍ ያለ አረቦን መክፈል ይሻለው ነበር።

ሌላው የብር አቅም ነው። ከዛሬ 20 ዓመት በኋላ እከፍልሃለሁ የተባለ ብር ያኔ ምን ይገዛል? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሁላችንም አይተናል። ከውጭ የሚመጣው ዳይፐርና ዊልቸር ዋጋው አብሮ ነው የሄደው። ስለዚህ የሕይወት መድን ብቻውን የእርጅና ዕቅድ አይሆንም። አንድ እግር ነው። የምታከራዩት አንድ ክፍል ቤት ካላችሁ እሱ ሌላ እግር ነው፤ ኪራይ ከኑሮው ጋር ይጨምራልና።

በስንት ዓመቴ ላስብበት?

ጤነኛ እያላችሁ። መድን ሰጪዎች የዕድሜ ገደብና የጤና ምርመራ አላቸው። 40ዎቹ ውስጥ ካላችሁ ለራሳችሁ ጀምሩ። ወላጆቻችሁ 65 ካለፉ ለነሱ መድን መግዛቱ አልፏል ማለት ይቻላል፤ የቤተሰብ መዋጮው ላይ አተኩሩ።

ልጆች አሉን እኮ። ልጅ ጧሪ አይደለም ወይ?

ነው። የቤተሰብ ሕጉም ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ሕግ ባይኖርም እናደርገዋለን። የኔ ጥያቄ «የትኛው ልጅ?» የሚል ነው።

መልሱ ሳይነገር ሁሉም ቤት ይታወቃል። ያላገባችው ሴት ልጅ ወይም ቅርብ ያለችው። እኛ ቤት እህቴ ነበረች። አንድ ሆቴል ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነበረች፣ ስምንት ዓመት የሠራች። እማዬ ስትታመም «ለጊዜው» ብላ ፈቃድ ወሰደች። ፈቃዱ አለቀ። ሥራውን ለቀቀች። ማናችንም ልቀቂ አላልናትም፤ ማናችንም አትልቀቂ አላልናትም። ወንዶቹ ገንዘብ እንልካለን፣ ማታ ማታ እናግዛለን፣ እሑድ እንመጣለን። እሷ ግን አምስት ዓመት ከዚያ ቤት አልወጣችም ማለት ይቻላል። ወገቧ ተጎዳ። እማዬ ካረፈች በኋላ ሥራ ፍለጋ ስትወጣ የሚጠይቋት «እነዚህን አምስት ዓመታት ምን ስትሠሪ ነበር?» ነበር።

ከላይ ያሰላሁትን ጡረታ አስታውሱ። እህቴ የሠራችው ስምንት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ብትጨምር 10 ይሞላላት ነበር። አምስቱን ብትሠራ 13 ይሆንላት ነበር። እናቷን ስትጦር የራሷን መጦሪያ አጣች። ይህን ስጽፍ አሁንም ልቤ ይደማል። እማዬም ብታውቀው አትፈቅድም ነበር።

ቤተሰብ አስቀድሞ የሚመክረው ለዚህ ነው። ልጅ አይጡር ማለት አይደለም። ሸክሙ በዝምታ አንዲት ልጅ ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ ነው።

ታዲያ ቤተሰብ በራሱ እንዴት ያጠራቅም?

እቁብ የማያውቅ የለም፤ እሱን መነሻ አድርጉ። አራት ወንድምና እህት ናችሁ እንበል። በወር 1,500 ብር ብታዋጡ 6,000 ነው፣ በዓመት 72,000። ወላጅ ሳይታመም አምስት ዓመት ቢያልፍ ወለዱን ሳይጨምር 360,000 ብር ይሆናል። የታመመ ቀን አንድ አስታማሚ መቅጠር፣ ሽንት ቤቱን ማስተካከል፣ አልጋ መግዛት ይቻላል። ያላችሁ አቅም 300 ብር ከሆነ በ300 ጀምሩ። መጠኑን በየዓመቱ፣ ለምሳሌ እንቁጣጣሽ ላይ ስትሰባሰቡ ከልሱት፤ ዋጋ ስለሚጨምር።

ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም አይቀመጥ። በሁለት ሰው ፊርማ የሚወጣ የጋራ ሒሳብ ክፈቱ። ለምን ለምን እንደሚወጣም ጻፉ። ካልጻፋችሁ የመጀመሪያው ሠርግ ይበላዋል።

አንድ ነገር ጨምሩበት። ሥራ ትታ ቤት የምትቀር እህት ካለች ከዚሁ ገንዘብ ደሞዝ ይቆረጥላት። ሲባል ቅር የሚለው ሰው አለ። «ለእናት ደሞዝ?» ይላል። ደሞዙ ለእናት አይደለም። ለእህት ነው።

ውጭ ያለችው እህቴ ትልክልናለች። አይበቃም?

ብር አልጋ አያገላብጥም። ከገንዘቡ ሌላ ሰውም ያስፈልጋል። የምትልከውም በየበሽታው እየደነገጠች ከሚሆን በየወሩ ቁርጥ ያለ ይሁን። ደግሞ አሜሪካ ያለች ከሆነ ስለ ራሷም አስቡላት። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሕክምና ይከፍላል እንጂ ለዓመታት የሚቆይ የማጠብና የማልበስ እንክብካቤ አይከፍልም። ብዙ የኛ ሰው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ቤት የሚውል አስታማሚ ስንቀጥር ምን እንይ?

በደላላ የመጣች የቤት ሠራተኛን «እግረ መንገድሽን እማማን ያዢ» ማለት ለሁለቱም በደል ነው። ሥራው ለብቻው ሥራ ነው። ከቻላችሁ ነርስ ወይም የጤና ባለሙያ አንድ ሳምንት መጥቶ ያሠልጥን፦ እንዴት እንደምታነሳ፣ እንዴት እንደምታገላብጥ፣ ሲውጡ እንዳይታነቁ እንዴት ቀና አድርጋ እንደምታበላ። ከሆስፒታል ስትወጡ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን «አሳየኝ» በሉት፤ በስልካችሁም ቅረጹት። ከስትሮክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት የሚደረግ እንቅስቃሴ ዋጋው ትልቅ ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ ሦስት ወር «ትረፍ» ብለን አስተኛናት።

የእረፍት ቀን ስጧት። ያልተኛች አስታማሚ ሰው ትጥላለች።

ወላጆችን መጦሪያ ማዕከል ማስገባት ነውር ነው?

ማዕከላቱ በቁጥር ጥቂት ናቸው። በስፋት የሚታወቀው አዲስ አበባ ያለው መቄዶንያ በመጀመሪያ ጧሪ ላጡ፣ ጎዳና ላይ ለወደቁ ነው የተቋቋመው። ልጅ ያለው ሰው እዚያ ቦታ ሲይዝ ከማን ላይ እንደሚወስድ ያስብ። በክፍያ የሚያስተናግድ ቤት ያገኘ ሰው ግን፣ ቤቱ ንጹሕ ከሆነና እየሄደ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ነውር አልለውም። ነውሩ ቤት ውስጥ ቆልፎ መሄድ ነው።

ውክልናና ኑዛዜ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል። አባት ራሱን ስቶ ሲተኛ የባንክ ሒሳቡ አብሮት ይተኛል። ቤቱን ማከራየት፣ ጡረታውን መቀበል፣ ሁሉም ይቆማል። ውክልና የሚሰጠው ሰው የሚያደርገውን እያወቀ ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው እንደሚቀር ይናገራል። ያኔ ፍርድ ቤት ነው የሚኬደው። ስለዚህ የሕግ ባለሙያ አማክራችሁ፣ ይህን አስባችሁ አጽፉት። ኑዛዜም ካለ በግልጽ የሚደረገው በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም ነው። ይህን አስቀድሞ የጨረሰ ቤት ውስጥ አስታማሚዋ ልጅ «ቤቱን ፈልጋ ነው» አትባልም።

እድራችን በዚህ ሊረዳ ይችላል?

ይችላል። በየቦታው ከቀብር አልፈው በሕይወት ላለው አባልም የሚሠሩ እድሮች አሉ። ከትልቅ ነገር መጀመር የለበትም። የኛ እድር አንድ ዊልቸርና ሁለት ጥንድ ክራንች ገዝቷል። ከድንኳኑ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በተመሳሳይ መዝገብ ወጪ ይደረጋሉ። ዊልቸሩ ከገባ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ያደረው ጥቂት ቀን ነው። አሁን ጉባኤው ፊት ያለው ሐሳብ አስታማሚ ያለበት ቤት በሳምንት አንድ ቀን ሁለት አባላት ተራ ገብተው እንዲውሉ ነው። ለሐዘን ሦስት ቀን መቀመጥ የምንችል ሰዎች ነን፤ ለዚህም እንችላለን።

ለወላጅ ይህን ወሬ እንዴት ይነሳል? «ሞቴን ትመኛለህ» ቢለኝስ?

ሊል ይችላል። ከራሳችሁ ጀምሩ። «እኔ ብተኛ ማን ይይዘኛል ብዬ እያሰብኩ ነው፣ አንተስ ምን ትመክረኛለህ?» በሉት። ምክር የተጠየቀ አባት አይቆጣም። ሁሉም ልጆች ባሉበት፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቢሆን ጥሩ ነው። ችኮላ የለም፤ በአንድ ቀን ካላለቀ በሌላ ቀን ይቀጥላል።

አባዬን ባለፈው ፋሲካ እንዲህ ጠየቅሁት። 76 ዓመቱ ነው። ሲኒውን አስቀምጦ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «የእድሬን ደብተር አምጣው» አለኝ። በመጨረሻው ገጽ ላይ እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። የሚያጥበኝ ወንድ ይሁን፣ ሴት ልጆቼን በዚህ አታሳቅቁብኝ። ሰርቪሱ ቤት ይከራይና ኪራዩ ለአስታማሚ ይሁን። አልጋዬ በረንዳውን የሚያይ መስኮት ጋ ይደረግ። ቡናዬን ሐኪም ካልከለከለ አትከልክሉኝ።

ጨረሰ ብዬ እስክሪብቶውን ስከድን እህቴን አየ። ዕቃ እያጠበች ነበር።

«አንድ ጨምር» አለኝ። «እሷ ሥራዋን እንዳትለቅ።»